ሁለት አፍ ያለው ስም

እስከ እሑድ ጠዋት ነው ቀን የሰጠን መዝጋቢው።
ልጄ ዘጠኝ ቀን ሆናት፤ በእጇ አንጓ ላይ ያሰሩላት
የሆስፒታሉ ላስቲክ ነው እስካሁን ስም የሆናት፦
«የሐረግ ሴት ልጅ» ይላል፣ ቁጥር አለው ከሥሩ።
ግመል እንኳን በሰላላ ስም አያጣም ከነዘሩ።

ማታ ማታ እኔና ሙሰለም፣ እሷን መሐል አስተኝተን፣
ስም እንለካባታለን፣ አንዱን አልብሰን አንዱን ገፈን።
ውጭ ጉሙ ሊነሳ ነው፣ ኸሪፍም እያለቀ፤
ከሪያድ ድረስ መጥቶ ሆን ብሎ የበሰበሰው እንግዳ
ጓዙን ወደ ፀሐዩ ጫነ፣ ምንጣፉን እየጨመቀ።

«ብርቅ ይሁን» ይላል ሙሰለም፤ «እዚህ በር ላይ ቆሞ
ፋጡማ ብሎ ለጠራ አሥር ልጅ ነው አቤት የሚለው።»
«ብርቅስ ይሁን» እላለሁ፣ «ግን እናቴም ትጥራው፤
በስልክ ስትጠራት ምላሷ አይሰበር።»

«ነዳ» አለኝ መጀመሪያ። ጤዛ ማለት ነው፣ የንጋት።
የነዳኸውማ አንተ ነህ፣ አልኩት፣ የውሃ ቦቴ፣ ሃያ ዓመት።
«ሰማ» አለ። ሰማይ ነው፣ ሰፊ፣ ጥርት ያለ።
ማን ሰማ? ምኑን ሰማ? ሴት ልጅ በወንድ ግሥ ትጠራ?
ነዳ፣ ሰማ… የትራፊክ ምስክር ቃል መሰለ።
«አመል» አለ ተስፋ ቆርጦ፤ ትርጉሙም ተስፋ ነው ለካ።
አመሉማ ከእኔ ይወረሳል፣ በመዝገብ ማኅተም ሳይነካ።

ተራው የእኔ ሆነ። «ጽጌ» አልኩት።
ጸ ጥርሱ ላይ ተሰነጠቀች፤
ደጋግሞ ሲሞክር ምራቁ የልጅቱ ግንባር ላይ አረፈች።
ሐረግን እንዳልደግም የራሴ ስም አስተምሮኛል፤
በነሱ አፍ ቃጠሎ ነው። ሰው ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት
እመቤቲቱ «ቃጠሎ፣ ነይ» ስትል ልጆቿ ይስቁ ነበር።
እኔም እስቅ ነበር።
የእናቴን ላውርሳት ብዬ «ዘነበች» ብል፣
አማቴ ቱፉል ደንግጣ አፏን በሻሿ ሸፈነች፦
«ዘንብ? ኃጢአት? አንድ ፍሬ ልጅ፣ ምን አድርጋ?»

እንዲህ እንዳለን ቅዳሜ መሸ።
እናቴ ከኩታበር ደወለች፤ መስመሩ ይቆራረጣል።
«ምንድን ነው የሚንሿሿው?» አለች።
መስኮቱ ላይ ሰማዩ በወንፊት ውሃ ይነፋል።
«ምንም አይደል እማዬ፣ ካፊያ ናት» አልኳት፤ «ካፊያ።»
ሙሰለም ከእንቅልፉ ብድግ አለ።
«ምን አልሽ? ካፊያ?
በእኛ እኮ ትበቃለች ማለት ነው፤
ሌላ የማታስመኝ።»
እኔም ነገርኩት የእኛን፦ ዝናብ ነው፣
ግን ልብስ ለማርጠብ የሚያፍር።

ቱፉል ብቻ ዝም አለች። ቆይታ፣ «ሰው ክፉ ነው» አለች፣
«ሴት ልጅ በቃን ማለታቸው ነው ይላል።»
ስምንት ሴት ወልዳ በዘጠነኛው ሙሰለምን ያገኘች ናት።
«ስምንተኛዋን ኺታም አሏት፣ ማብቂያ።
እኔን የጠየቀኝ የለም።»
ከዚያ ልጅቱን አነሳቻት፣ በጆሮዋ ሦስት ጊዜ ጠራቻት፤
«ይበሉ» አለች።

እሑድ መዝጋቢው ብዕሩን ይዞ፦ «ካፊያ? ለማን የምትበቃ?»
ሙሰለም ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ መስኮቱ።
«ለእኛ» አልኩት በዓረብኛ፤ የቀረውን በአማርኛ ዋጥኩት፤
ማታ እናቴ በስልክ ውስጥ ስቃ ስቃ ስታበቃ
ያለችኝን፦
«ዘነበች አባራች ወይ ብለው የጠየቁሽ እንደሆነ፣
አላባራችም፣ አካፋች በያቸው።»

በር ላይ ስንደርስ ላስቲኩን በጥርሴ በጠስኩት።